«ፌክ አይሲ ነው» ከማለት በፊት፦ የትንንሽ አምፕሊፋየሮች ሙቀት የት ይሄዳል?

በጀሞ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በየካ አባዶ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤቶች ደጃፍ አንድ ክርክር አይጠፋም። እቤት የተሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ድንገት ዝም ይላል። ሲከፈት አይሲው፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ፣ ሞቷል። ከዚያ ፍርዱ ይከተላል። አንዱ «ፌክ ነው» ይላል። ሌላው «መብራቱ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ሂት ሲንኩ፣ ሙቀት የሚያወጣለት ብረት፣ አንሶት ነው» ብሎ ይደመድማል። አዲስ አይሲ ተገዝቶ እዚያው ይበየዳል። ብዙም ሳይቆይ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

ቀደም ሲል ይህ ብዙም አያሳስብም ነበር፤ አይሲ ርካሽ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አይሲውም፣ ትራንዚስተሩም፣ ካፓሲተሩም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። «ሌላ ቀይርበት» እንደ ድሮው ቀላል ምክር አይደለም።

ሦስቱም ክሶች ውስጥ እውነት አለ። ሦስቱም ግን የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ አይሲው የሚሞተው ሙቀቱ ከቺፑ ወጥቶ አየር ላይ እስኪደርስ ባለው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ስለተዘጋበት ነው። የሙቀቱ መጠን ደግሞ የተወሰነው ትራንስፎርመሩ የተገዛ ቀን ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

አምፕሊፋየር ድምፅ «አይፈጥርም»። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን ኃይል ከዘፈኑ ጋር እየከፈተና እየዘጋ ለስፒከር የሚያካፍል በር ነው። በሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ከረንት ስለሌለ ሙቀት የለም። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ቮልቴጁ በሙሉ ማለት ይቻላል ስፒከሩ ላይ ያርፋል። ችግሩ ገርበብ ሲል ነው። የተወሰነው ቮልቴጅ ስፒከሩ ላይ፣ የቀረው ትራንዚስተሩ ላይ ያርፋል። ይህ የቀረው ቮልቴጅ በከረንቱ ሲባዛ የምናገኘው ዋት በሙሉ ሙቀት ይሆናል።

በሠፈር የሚሠሩት አብዛኞቹ ክላስ ኤቢ ይባላሉ። ሁለት ትራንዚስተሮች ተራ በተራ ይሠራሉ። አንዱ የሞገዱን የላይኛውን ግማሽ፣ ሌላው የታችኛውን ይሸከማል። ድምፁ በመገናኛው ላይ እንዳይሻክር ሁለቱም ሁልጊዜ ጥቂት ከረንት ያሳልፋሉ። በስሌት ደረጃ እንኳ የዚህ ዓይነቱ አምፕሊፋየር ምርታማነት፣ ማለትም ከወሰደው ኃይል ለስፒከሩ የሚያደርሰው፣ ከ78.5 በመቶ አያልፍም።

ከዚህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይከተላል። በሙከራ ቶን፣ ማለትም ከፍና ዝቅ በማይል አንድ ወጥ ድምፅ፣ ሲለካ አምፕሊፋየሩ በጣም የሚሞቀው ቮልዩሙ ጥግ ሲደርስ አይደለም። ከሙሉ ኃይሉ 40 በመቶ አካባቢ ሲያወጣ ነው። «እኔ መካከለኛ ላይ ነው የምከፍተው» የሚለው መከላከያ፣ ቢያንስ ከሙቀት አንፃር፣ አያዋጣም። ሙዚቃ ከፍና ዝቅ ስለሚል አማካይ ሙቀቱ ከቶኑ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው። ድምፁ እስኪቀደድ ተከፍቶ ለሰዓታት የሚቆይ አምፕሊፋየር ግን ይህንን እፎይታ አያገኝም።

ከፍተኛውን ሙቀት ለመገመት አጭር ስሌት አለ። ጠቅላላውን ቮልቴጅ በራሱ ያባዙ፣ በስፒከሩ ኦም ያካፍሉ፣ ውጤቱን በ20 ያካፍሉ። ቲዲኤ2030 የሚባለውን የታወቀ አይሲ እንውሰድ። በፖዘቲቭ 14 እና በኔጋቲቭ 14 ቮልት፣ ማለትም በጠቅላላ 28 ቮልት፣ ባለ 4 ኦም ስፒከር ሲነዳ ወደ 10 ዋት ያመነጫል። ያለ ድምፅም የሚያባክነው 1 ዋት ገደማ ሲጨመር 11 ይሆናል። ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ 10 የነበረው ወደ 5 ይወርዳል። በ12 ቮልት አዳፕተር ብቻ ከሠራ ደግሞ በ4 ኦም እንኳ 2 ዋት አይሞላም። ያው አይሲ፣ ያው ቦርድ ነው። አንዱ ጋ ሂት ሲንኩ ነፍስ ነው፤ ሌላው ጋ ትንሽ የአልሙኒየም ቁራጭ ይበቃዋል።

ትራንስፎርመሩና «መብራቱ ነው» የሚለው ክስ

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ብዙው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነውና።

«12-0-12» ተብሎ የሚሸጥ ትራንስፎርመር ከመሃሉ ዜሮ በሁለቱም በኩል የሚሰጠው 12 ቮልት ኤሲ ነው። በዳዮድ ተስተካክሎ በካፓሲተር ሲጠራቀም በ1.4 ይባዛል። ወደ 17 ይወጣል፣ ዳዮዱ ትንሽ ይቀንስና 16 አልፎ ይቆማል። በዚያ ላይ ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈው ቮልት ሙሉ ጭነት ሲሸከም የሚሰጠው ነው። ያለ ጭነት ከዚያ ይበልጣል። የቲዲኤ2030 ጣሪያ በእያንዳንዱ በኩል 18 ቮልት ነው። በ«15-0-15» የሠራ ሰው ከ20 ቮልት በላይ ሰጥቶታል። ገና ሳይሞቅ ከጣሪያው አልፏል ማለት ነው። ቲዲኤ2030ኤ የሚባለው እስከ 22 ቮልት ይችላል። ስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት «ኤ» ብዙ አይሲ አስከፍላለች።

አሁን ወደ መብራቱ። በከተማው ዳርቻ ምሽት ላይ ምጣዱም ምድጃውም ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል። እኩለ ሌሊት ሲሆን ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከ220 ያልፋል። 10 በመቶ ብቻ ቢጨምር በ«12-0-12» የተሠራው አምፕሊፋየር 18 ቮልት ደጃፍ ላይ ነው። በ18 ቮልትና በ4 ኦም ስሌቱ ከ16 ዋት በላይ ሙቀት ያሳያል። ከ14 ቮልቱ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በአንድ በኩል 4 ቮልት ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከግማሽ በላይ ጨምሯል። ቮልቴጁ በራሱ ስለሚባዛ ነው።

ስለዚህ «መብራቱ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። መብራቱ የሚገድለው አስቀድሞ ጫፍ ላይ የቆመውን ነው።

ከቺፑ እስከ አየሩ፦ ሦስት ታክሲ

ከኮዬ ፈጬ ፒያሳ የሚሄድ ሰው ታክሲ ይቀያይራል። የመንገዱ ርዝመት የሁሉም ጉዞና የሁሉም ሰልፍ ድምር ነው። አንዱ መንገድ አስፋልት ሆኖ ቢሰፋም፣ ሌላው መቀየሪያ ላይ ሰልፉ ከረዘመ ሰውየው አሁንም አርፍዷል።

ሙቀትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ከሲሊከኑ፣ ማለትም አይሲው ውስጥ ካለው ቺፕ፣ እስከ አይሲው የብረት ጀርባ፣ ሁለተኛው ከብረት ጀርባው እስከ ሂት ሲንኩ፣ ሦስተኛው ከሂት ሲንኩ እስከ አየሩ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ሙቀቱ የሚገጥመው እንቅፋት «ተርማል ረዚስታንስ» ይባላል። የሚለካው በዲግሪ በዋት ነው። 3 ዲግሪ በዋት ማለት በእያንዳንዱ ዋት በሁለቱ ጫፎች መካከል የ3 ዲግሪ ልዩነት ይፈጠራል ማለት ነው። ሦስቱ ይደመራሉ።

የቲዲኤ2030 የመጀመሪያው ጉዞ 3 ዲግሪ በዋት ነው። ፋብሪካው ወስኖታል፤ ማንም አይለውጠውም። ሁለተኛው በደንብ ከተሠራ 1 አካባቢ ነው። የሚቀረው ሂት ሲንኩ ነው። ሲሊከኑ ከ125 ዲግሪ እንዳያልፍ እንፈልጋለን እንበል። አይሲው ራሱን የሚያጠፋው 150 አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ ይህ የተወሰነ ፋታ ይሰጣል። ሂት ሲንኩን የከበበው አየር 40 ዲግሪ ቢሆን፣ 85 ዲግሪ ለ11 ዋት ሲካፈል 7.7 ነው። ከዚያ ላይ 4 ሲቀነስ ለሂት ሲንኩ 3.7 ዲግሪ በዋት ይቀራል። ይህ ክንፍ ያለው፣ መዳፍ የሚሞላ አልሙኒየም ነው። ለስቴሪዮ ሁለት አይሲ አንድ ሂት ሲንክ ላይ ከታሰሩ ግማሽ እንቅፋት ያለው፣ ማለትም በጣም የሚተልቅ፣ ያስፈልጋል።

ጨርሶ ሂት ሲንክ የሌለውስ? የዚህ ዓይነት ቅርፅ ያለው ትራንዚስተር ራቁቱን ሲቆም እንቅፋቱ 60 ዲግሪ በዋት አካባቢ ነው። 2 ዋት ብቻ 120 ዲግሪ ያስጨምረዋል።

ቀዝቃዛው ሂት ሲንክ

በጥገና ቤት የተለመደው ምርመራ በጣት መንካት ነው። ሂት ሲንኩ ሲፋጅ «አንሷል» ይባላል፣ ለብ ሲል «ሰላም ነው» ይባላል። ሁለቱም ሊያሳስቱ ይችላሉ። እጅ የማያስቆይ ብረት 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከላይ ባለው ስሌት ሲሊከኑ በዚያን ጊዜ 104 ነው፤ የሚያስጨንቅ አይደለም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። አይሲው ራሱ ይፋጃል፣ ሂት ሲንኩ ግን ቀዝቃዛ ነው። ይህ ማለት ሙቀቱ ሁለተኛውን ታክሲ አላገኘም።

ለምን? ሁለት ብረቶች ሲጣበቁ ለዓይን ልሙጥ ቢመስሉም የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ነው። መካከላቸው አየር አለ። አየር ደግሞ ከአልሙኒየም ጋር ሲነጻጸር ሙቀትን በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ያስተላልፋል። ነጩ ቅባት፣ ፔስት የሚባለው፣ ሥራው ይህንን አየር ማስወጣት ነው። ራሱ ጥሩ አስተላላፊ ስላልሆነ በስሱ ነው የሚቀባው። በላይ በላዩ የሚለድፉት ሰዎች መንገዱን ያረዝሙታል። በፔስት ፋንታ የጥርስ ሳሙና የሚቀቡም አሉ። ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ውሃው ሲተን ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ አየሩም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከዚያ ማይካው አለ። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ ሙቀት ግን የሚያሳልፍ ስስ ቅጠል ነው። የት እንደሚያስፈልግ መደናገር አለ። የቲዲኤ2030 የብረት ጀርባ ከኔጋቲቭ ጋር የተገናኘ ነው። በአንድ አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ኔጋቲቩ ግራውንድ ስለሆነ ማይካ አያስፈልገውም። ማይካውን ማስገባት እንዲያውም መንገዱን ያለ ምክንያት ያረዝመዋል። በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ ከሠራ ግን ሂት ሲንኩ ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ይሸከማል። የብረት ሳጥኑን ከነካ ሾርት ነው። በትልልቆቹ ትራንዚስተሮች፣ ለምሳሌ በ2ኤስሲ5200፣ ጀርባው ኮሌክተር፣ ማለትም ከረንት ከሚገባበት እግር ጋር የተገናኘ፣ ስለሆነ ማይካው ግዴታ ነው። ብሎኑ የብረት ጀርባውን በሚነካባቸው ላይ ደግሞ፣ ማይካው ኖሮ ብሎኑ ላይ የምትገባዋ የፕላስቲክ ቀለበት ከተረሳች ብሎኑ ራሱ ሾርት ያደርገዋል።

ብሎኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከላላ አየር ይገባል፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀ የአይሲው ጀርባ ይንጋደዳል።

ሳጥኑ

ስፒከሩ ውስጥ አምፕሊፋየሩን አብሮ መክተት ያምራል። ሙቀቱ ግን ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል። በተዘጋ የእንጨት ሳጥን የውስጡ አየር 60 ዲግሪ ቢደርስ፣ ከላይ 3.7 የነበረው የሂት ሲንክ ፍላጎት 1.9 ይሆናል። ያውም በጣም የሚተልቅ ብረት ገዝቶ፣ እሱም እዚያው ታፍኖ። መፍትሔው ሂት ሲንኩን በሳጥኑ ጀርባ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ክንፎቹን ወደ ላይ ማቆም ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ክንፎቹ አግድም ከተኙ መንገዱን ይዘጉበታል።

ስለ ቀለም የሚነሳው ጥያቄም መልስ አለው። ያልተቀባ አልሙኒየም ሙቀትን በጨረር ለመልቀቅ ደካማ ነው። ጥቁር አኖዳይዝድ የሆነው በጣም ይሻላል። ስስ ጥቁር ቀለም መቀባትም ይጠቅማል፣ አይሲው የሚቀመጥበት ቦታ ካልተቀባ።

ከፍታው ጉዳይ ነው?

«የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ አምፕሊፋየር አይቀዘቅዝም» የሚል ክርክርም ይሰማል። መነሻው ትክክል ነው። ከተማዋ ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ውሃ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ የሚፈላው፣ ባቄላው እሳት ላይ የሚቆየውም ለዚህ ነው። የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 80 በመቶ ይሆናል። ያለ ፋን የሚቀዘቅዝ ሂት ሲንክ በዚህ የሚያጣው ግን 20 በመቶ ሳይሆን 10 በመቶ አካባቢ ነው። በእኛ ምሳሌ 4 ዲግሪ ያህል ማለት ነው። በሌላ በኩል ቀኑ እዚህ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሞቃት ቆላ ከተማ 35 ወይም 40 ይሆናል። አየሩ የነፈገንን ብርዱ አትርፎ ይመልስልናል። ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ በሚለው የአቃቂ ሜዳም ሒሳቡ ብዙ አይለወጥም።

«ፌክ ነው» የሚለውስ?

ይህ ክስ ባዶ አይደለም። የተጭበረበሩ አይሲዎችና ትራንዚስተሮች በዓለም ገበያ ሞልተዋል፣ 2ኤስሲ5200 በተለይ። ለምሳሌ በመኪና ቴፕ የታወቀው ኤልኤ4440 የሳንዮ ነበር። የሳንዮን ሴሚኮንዳክተር ክፍል ኦን ሴሚኮንዳክተር የገዛው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዛሬ አዲስ ተብሎ የሳንዮ ስም ያለበት አይሲ ሲቀርብ ቢያንስ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ነገር ግን ፌክ አይሲ በምን ይሞታል? ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ሲሊከን ከኦሪጅናሉ ያነሰ ነው። ያነሰ ሲሊከን ማለት ለመጀመሪያው ጉዞ የጠበበ መንገድ ማለት ነው። ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያም ላይኖረው ይችላል። ኦሪጅናሉ ሲግል ድምፁን ቆርጦ፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል፤ ያኛው ዝም ብሎ ይቃጠላል። ስለዚህ ፌክነትና ሙቀት ሁለት ክሶች አይደሉም። ደካማው አይሲ በ12 ቮልት አዳፕተር ዕድሜ ሊጠግብ ይችላል፤ በ18 ቮልት አይተርፍም። ሁለት አይሲ በተከታታይ አንድ ቦታ ላይ ሲቃጠል ግን ከሻጩ በፊት ቦታውን መጠርጠር ይሻላል።

በትራንዚስተር ለሚሠሩ ሌላ አደጋ ይጨመራል። ትራንዚስተር በሞቀ ቁጥር ለመከፈት የሚፈልገው ቮልቴጅ በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። ሲሞቅ ይበልጥ ይከፈታል፣ ሲከፈት ይበልጥ ይሞቃል። ለዚህ ነው የባያሱ ትራንዚስተር፣ ማለትም ያንን ሁልጊዜ የሚያልፈውን ጥቂት ከረንት የሚወስነው፣ ሂት ሲንኩ ላይ አብሮ የሚታሰረው። ቦርዱ ላይ ብቻውን ከቀረ የሚሆነውን አያውቅም።

ክላስ ዲ ክርክሩን ጨርሶታል?

አሁን ብዙው ሰው ወደ ክላስ ዲ ሞጁሎች እየዞረ ነው። እነዚህ በሩን ገርበብ አያደርጉም። በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ ሙሉ ይከፍታሉ፣ ሙሉ ይዘጋሉ። እንደ ቲፒኤ3116 ያሉት ምርታማነታቸው 90 በመቶ ይደርሳል። 30 ዋት ሲያወጡ የሚሞቁት በ3 ዋት ገደማ ነው። በባትሪ ለሚሠራ ነገር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን አልተፈቱም። አንደኛ፣ ቺፑ የጥፍር ያህል ነው። 3 ዋት ለእሱ ትንሽ አይደለም። ሙቀቱ የሚወጣው ቺፑ ላይ በተለጠፈችው ሂት ሲንክ ወይም በቦርዱ መዳብ ስለሆነ፣ ያቺ ስትነቀል ወይም ቦርዱ ስፖንጅ ላይ ሲለጠፍ ያው ታሪክ ይደገማል። ሁለተኛ፣ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ዋት ነው። በዳርቻ ሠፈሮች ባጃጅ ውስጥ የሚገጠሙትን እንይ። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ 14.4 ቮልት ነው። ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ሰርኪት ከሌለው በቀር በ4 ኦም ስፒከር ላይ ሳይቀደድ ሊወጣ የሚችለው በንድፈ ሐሳብ እንኳ በአንድ ቻናል 26 ዋት ገደማ ነው። «200 ዋት» የሚለው ጽሑፍ ይህንን አይለውጥም። ሹፌሩ ግን 200 ዋቱን ፍለጋ ይከፍተዋል። አምፕሊፋየሩ ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ በዋለ ላሜራ ውስጥ ነው። አየሩ አስቀድሞ ግሏል።

ፋንስ? ይሠራል። ዘገምተኛ ፋን እንኳ የሂት ሲንኩን እንቅፋት ከግማሽ በታች ሊያወርደው ይችላል። የኮምፒውተር ፋንና ሂት ሲንክ ከምናለሽ ተራ ማግኘት ከባድ አይደለም። ነገር ግን ኮብልስቶን ባልደረሰበት ሠፈር አቧራው በበጋ ክንፎቹን ይሞላቸዋል። ፋኑን ተማምኖ ሂት ሲንኩን ያሳነሰ ሰው ፋኑ የቆመ ዕለት ምንም አይቀርለትም።

የክላስ ዲ መስፋፋት ለጥገና ቤቶች ሌላ ትርጉም አለው። ቲዲኤ2030 ሲሞት አምስት እግር ተነቅሎ ሌላ ይበየዳል። ክላስ ዲ ቺፕ ግን ሙቀት ማስወጫው ከሥሩ ወይም ከላዩ የተጣበቀ፣ እግሮቹ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ነው። በተራ ካውያ አይነሳም። ሞጁሉ እንዳለ ይጣላል። በቦርዱ ላይ የቀሩት ደህና ካፓሲተሮች ተነቅለው ለሌላ ሥራ ይውላሉ፣ ሂት ሲንክ አጠገብ ተቀምጠው ካልደረቁ። የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። አምፕሊፋየሩ ሳይቃጠል፣ ግን ከወራት በኋላ «ሃም» የሚል ጉርምርምታ ማሰማት ከጀመረ መጀመሪያ የሚታዩት እነሱ ናቸው።